ማን ጠየቃት? ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሕክምናና ስለ ሴት ገላ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ መጥታችሁ ስለምታዳምጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬውን ርዕስ ለጓደኞቼ ስነግራቸው "ኧረ ይሄ በአደባባይ አይወራም" ያሉኝ አሉ። ይገባኛል። እኛ ዘንድ የገላ ነገር በሹክሹክታ ነው የሚወራው። የአባላዘር በሽታ የያዘው ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ እንኳን "እዚህ አካባቢ ያመኛል" ብሎ ዝም ይላል። እኔ ግን አዋላጅ ነርስ ነኝ። እንጀራዬም እዚያው ነው። ስለዚህ ዛሬ በግልጽ ላውራ፣ እናንተም ፍቀዱልኝ።

ከተማሪነቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለልምምድ የተመደብኩበት ሆስፒታል ውስጥ አንዲት እናት ለምርመራ ተኝታለች። ከገጠር ነው የመጣችው። ሰባት ተማሪዎች አልጋዋን ከበናል። መጋረጃው በደንብ አልተሳበም። አስተማሪያችን ልብሷን ገለጠና ማስረዳት ጀመረ። እኛም በየተራ ጓንት እያጠለቅን መረመርናት። ስሟን የጠየቃት የለም። "ተማሪዎች ናቸው፣ ቢያዩሽ ትፈቅጃለሽ?" ያላት የለም። እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ? ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። ገላዋን መሸፈን ስላልቻለች ፊቷን ሸፈነች።

አስተማሪያችን ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም የተማረው እንደዚያው ነው። የእሱ አስተማሪም እንደዚያው። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ይሄ ነገር ከየት መጣ? የሴት ገላ ያለ ፈቃዷ የሚገለጥ የትምህርት መሣሪያ የሆነው መቼ ነው? ማንበብ ጀመርኩ። ንባቡ የወሰደኝ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ አሜሪካና ወደ እንግሊዝ ነው። ዓመቶቹን የምጠቅስላችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ አላባማ እንሂድ። በአሜሪካ ደቡብ የምትገኝ፣ ጥጥ የሚመረትባት፣ ጥጡንም በባርነት የተያዙ ጥቁሮች የሚለቅሙባት ግዛት ናት። ሞንትጎመሪ በምትባለው ከተማ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የተባለ ወጣት ሐኪም ነበር። በ1845 በአቅራቢያው ካለ እርሻ ጠሩት። አናርካ የምትባል 17 ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ምጥ ይዟት 3 ቀን ሆኗታል። ልጁ አልወጣም። ሲምስ በመሣሪያ ጎትቶ አወጣው። ጥቂት ቀን ቆይቶ አናርካ ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት።

ይሄን በሽታ እናውቀዋለን፣ ፌስቱላ ነው። ምጥ ሲረዝምና ልጁ ማለፍ ሲያቅተው፣ ጭንቅላቱ የእናቱን ሥጋ ከዳሌዋ አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ደም መድረስ ያቆማል። ሥጋው ይሞታል። የሞተው ሥጋ ሲረግፍ በሽንት ፊኛና በማህፀን መውጫው መካከል ቀዳዳ ይቀራል። ከዚያ ሽንቱ ቀንም ሌሊትም ይንጠባጠባል። ያየ ያውቀዋል። ከሽንቱ ይልቅ የሚገድለው ሽታው ነው፤ ሽታው ሰውን ያርቃል። ባል ይሄዳል። ጎረቤት ይሸሻል። ሴትየዋ ጓሮ በተሠራች ጎጆ ብቻዋን ትቀራለች።

በዚያ ዘመን መድኃኒት አልነበረውም። ሲምስም መጀመሪያ አይታከምም ብሎ ሊመልሳቸው ነበር። እንዲያውም የሴትን የውስጥ አካል መመርመር የሚጠላው ሥራ እንደነበር በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ ራሱ ይናገራል። ከዚያ አንድ ቀን የማንኪያ እጀታ አጥፎ ውስጡን ማየት ቻለ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምንጠቀምበት ስፔኩለም፣ የሴትን የውስጥ አካል ከፍቶ የሚያሳየው መሣሪያ፣ አንዱ ዓይነት በስሙ ይጠራል፤ አመጣጡ ከዚያች ማንኪያ ነው። ያን ቀን ሐሳቡን ለወጠ። ከቤቱ ጓሮ ትንሽ ሆስፒታል ሠራ። ፌስቱላ ያለባቸውን በባርነት የተያዙ ሴቶች ሰበሰበ። ከነሱ መካከል ስማቸው የቀረልን ሦስት ናቸው፦ አናርካ፣ ሉሲ፣ ቤትሲ። የሌሎቹ ስም ጠፍቷል።

ስምምነቱን ስሙኝ። ሲምስ ለሴቶቹ ጌቶች እንዲህ አለ። ሴቶቹን ስጡኝ። ሕይወታቸውን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር አልሠራም። ቀለባቸውን እኔ እችላለሁ፤ እናንተ ግብራቸውንና ልብሳቸውን ቻሉ። ሁለት ወገን ተስማማ። ሦስተኛዋ፣ ገላው የእሷ የሆነው፣ ውሉ ውስጥ የለችም።

የመጀመሪያዋ ሉሲ ነበረች። ዕድሜዋ 18 ገደማ ነው። ደርዘን የሚሆኑ ሐኪሞች ሊያዩ መጡ። ሉሲ በጉልበቷና በክንዷ ተደግፋ አንድ ሰዓት ያህል ተሰፋች። ማደንዘዣ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ገና አልታወቀም። ሽንቱን እንዲመጥ ብሎ ፊኛዋ ውስጥ ስፖንጅ አኖረ። ስፖንጁ ሥጋዋ ላይ ተጣበቀ፣ ደረቀ፣ መረቀዘ። ሲያወጣው ሥቃይዋ ከልክ ያለፈ እንደነበር፣ ትሞታለች ብሎም እንደፈራ ራሱ ጽፏል። ለማገገም ሁለት ሦስት ወር ፈጀባት።

ቆይቶ በጥቅምት 1846 ቦስተን ውስጥ ኤተር የተባለ ማደንዘዣ በአደባባይ ተሞከረ። ዜናው በወራት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ሲምስ ግን እስከ 1849 ድረስ ያለ ማደንዘዣ ቀጠለ። በኋላ ኒውዮርክ ሆኖ ሲናገር የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና ለማደንዘዣ አደጋና ጣጣ የሚያበቃ ሕመም የለውም አለ። የሉሲን ሥቃይ የጻፈው እጅ ነው ይሄን ያለው። በዚያ ዘመን ጥቁር ሴት ሕመም አይሰማትም፣ ቢሰማትም ትችለዋለች የሚል እምነት በሐኪሞች ዘንድ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ስትወልድ ክሎሮፎርም ተሰጣት። ንግሥቲቱ ጠየቀች፣ ተሰጣት። ሕመም ማለት የአንድ ሰው ነርቭ ብቻ አይደለም፤ ሕመምሽን የሚያምንሽ ሰው መኖሩም ነው።

አናርካ 30 ጊዜ ተሰፋች። 30 ጊዜ። እኔ አንድ ስፌት የሚያማትን እናት እጇን ይዤ አውቃለሁ፤ ይሄን ቁጥር ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቆምኩ። በመጨረሻ ሲምስ የሐር ክሩን ትቶ የብር ሽቦ ተጠቀመ። ብሩ አልመረቀዘም። በ1849 የአናርካ ቀዳዳ ተዘጋ። በ1852 ሥራውን አሳተመ፣ ወደ ኒውዮርክ ሄደ፣ በ1855 የሴቶች ሆስፒታል ከፈተ። እኛ አገር ካሳ ኃይሉ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡበት ዓመት መሆኑ ነው። ሲምስ ታላቅ ሰው ተባለ። ሐውልትም ቆመለት።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። ሙከራው እየከሸፈ ሲሄድ የሚረዱት ሐኪሞች ሰለቹና ተዉት። ሲምስ ብቻውን ቀረ። ምን አደረገ? ሴቶቹን አሠለጠነ። አንዷ ስትሰፋ ሌሎቹ ረዳት ሆኑ። አስቡት፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ስለ ፌስቱላ ቀዶ ሕክምና ከሲምስ ቀጥሎ የሚያውቁት እነዚህ ሴቶች ነበሩ። ከላይም ከታችም ያውቁታል፤ ተኝተውም ቆመውም። ማንም ግን ዕውቀታቸውን አልጻፈላቸውም። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ለሲምስ የሚከራከሩ አሉ፤ ከነሱም ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፌስቱላ ያከሙ ሐኪሞች ይገኛሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። "ፌስቱላ ያለባት ሴት ለመዳን ምንም ትሆናለች፣ ሴቶቹም ይለምኑት ነበር" ይላሉ። እኔም እንዲህ ያሉ ሴቶችን አይቻለሁ፣ ልመናቸውን አውቀዋለሁ። ሊሆን ይችላል፣ ለምነውታል። ግን ለመኑ ብሎ የነገረን እሱ ብቻ ነው። የእነሱ ቃል አንድ መስመር እንኳን የለንም። ደግሞም እምቢ ማለት የማትችል ሴት እሺ ስትል፣ እሺታዋን ምን ብለን እንጠራዋለን?

አሁን እነዚያው ዓመታት ወደ ሰሜን። በ1850 ቡፋሎ በምትባለው የኒውዮርክ ግዛት ከተማ ጄምስ ፕላት ኋይት የተባለ የሕክምና መምህር ለ20 ያህል ተማሪዎች አንዲት ሴት ስትወልድ አሳየ። ሴትየዋ ድኻ የአየርላንድ ስደተኛ ናት፣ ባል የላትም። ከተማው ተንጫጫ። ጋዜጣ ላይ ተጻፈ፣ ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰሱ። የተንጫጩት ለምን ይመስላችኋል? ለእሷ አይደለም። የወጣቶቹ ግብረ ገብ ተበላሸ ብለው ነው። እሷ ፈቅዳ ነበር ወይስ አልፈቀደችም የሚለው ከክርክሩ ዳር ነበር። የኔን የተማሪነት አልጋ ያስታወሰኝ ይሄ ታሪክ ነው።

እዚህ ጋ የዚያን ዘመን ትልቁን ነገር እናያለን። የሀብታም ሚስት ስትታመም ሐኪሙ በአንሶላ ሥር እጁን አስገብቶ፣ ዓይኑን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚመረምራት። ማየት ነውር ነው። ብዙ ሴት በነውሩ ምክንያት ሳትታከም ሞታለች። የድኻዋ፣ የባሪያዋ፣ የስደተኛዋ ገላ ግን በደርዘን ሰው ፊት ይገለጣል። ስለዚህ "የቪክቶሪያ ዘመን ሰዎች ዓይን አፋር ነበሩ" ሲባል ስሰማ ግማሹ ነው እላለሁ። ለአንዷ ነውሯ በሽታዋን ሸፈነባት። ከሌላዋ ነውሯን በግድ ወሰዱባት። ሁለቱም አልተጠየቁም።

ስለ ፍላጎት ያላቸውን አመለካከት ብዙ አልቆይበትም። ዊልያም አክተን የተባለ የለንደን ሐኪም በ1857 ባወጣው መጽሐፍ አብዛኞቹ ሴቶች የወሲብ ስሜት ብዙም አያስቸግራቸውም፣ ይሄም ለነሱ መልካም ነው አለ። ግለ ወሲብ፣ ሰው ሴጋ የሚለው፣ እብደትን፣ መታወርን፣ የሚጥል በሽታን ያመጣል የሚል ትምህርት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሐኪሞች መጻሕፍት ተደጋግሟል። ወንድ ልጆች በሌሊት መሣሪያ ታስሮላቸው ይተኙ ነበር። በአሜሪካ ጆን ሃርቪ ኬሎግ፣ ዛሬ በቁርስ ካርቶን ላይ የቤተሰቡን ስም የምናየው ሐኪም፣ ወንዶቹ ያለ ማደንዘዣ እንዲገረዙ፣ ሴቶቹ ቂንጥራቸው ላይ ካርቦሊክ አሲድ እንዲደረግ መከረ። ማስረጃ አልነበራቸውም። ኃጢአት ነው ብለው አምነው የተነሡትን በሽታ ብለው ስም ሰጡት፣ ያ ብቻ ነው።

አይዛክ ቤከር ብራውን ላይ ግን ልቁም። ለንደን ውስጥ በ1858 ለሴቶች የቀዶ ሕክምና ቤት የከፈተ፣ የተከበረ ሐኪም ነበር። የሴቶች እብደት፣ የሚጥል በሽታና ድብርት ምንጩ ግለ ወሲብ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ቂንጥር ይቆርጣል። በ1866 "አዳንኩ" ብሎ መጽሐፍ አወጣ። ባላቸውን ለመፍታት የፈለጉ አንዳንድ ሴቶችም በዚህ ቢላዋ ሥር አልፈዋል።

እኛ ግርዛትን የገጠር፣ ያልተማረ ሰው ልማድ አድርገን ነው የምናወራው። በ2016 በአገራችን የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል ይላል። እኔ የማዋልዳቸው እናቶች ናቸው፤ ጠባሳውን አውቀዋለሁ። ግን ዲግሪ ያለው፣ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ መጽሐፍ የጻፈ ሰውም በለንደን መሐል አድርጎታል። የአያቶቻችን ምላጭና የእሱ መቀስ አንድ ሐሳብ ነው የያዙት።

በ1867 የለንደን የማዋለጃ ሐኪሞች ማኅበር ብራውንን በ194 ለ38 ድምፅ አባረረው። ደስ ይላል፣ ግን የስብሰባውን ንግግር ያነበበ ሰው ልቡ አይሞላም። ከክሶቹ ዋናው ሴቶቹም ባሎቻቸውም ምን እንደሚደረግ በውል ሳያውቁ መቁረጡ ነበር። ባልየው ባለማወቁ ብዙ ተቆጡ። የሙያው ክብር ስለመነካቱ ብዙ ተቆጡ። ስለ ተቆረጠችው ሴት ያን ያህል አልተናገሩም።

አሁን ወደ ሕጉ ልሂድ። ከዚህ ሁሉ እኔን ያስቆጣኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ሐኪሙ ከፖሊስ ጋር አንድ ላይ የቆመበት ነው።

በ1860ዎቹ የእንግሊዝ ጦር ተጨነቀ። ከታመሙት ወታደሮች ሢሶው የአባላዘር በሽታ ነው ያለበት፤ ቂጥኝና ጨብጥ። ወታደር ማግባት እምብዛም አይፈቀድለትም። ምን ይደረግ? ወታደሮቹን መመርመር አንድ መንገድ ነበር። ግን ወታደሮቹ ምርመራውን ስለጠሉት፣ ክብራችንን ይነካል ስላሉ፣ በ1859 ቀርቷል። ስለዚህ ፓርላማው ሴቶቹን ለመመርመር አወጀ። አዋጁ በ1864 ወጣ፣ በ1866 ሰፋ፣ በ1869 እንደገና ሰፋ። የመጨረሻው አዋጅ የወጣው የመቅደላ ጦርነት በተደረገ በዓመቱ ነው። ፖርትስማውዝ፣ ፕሊመዝ፣ ኦልደርሾትን የመሳሰሉ የጦር ሰፈርና የወደብ ከተሞች ገቡበት፤ በመጨረሻ 18 ደረሱ። ሕንድም በ1868 ተመሳሳይ ሕግ ወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲቪል የለበሰ ፖሊስ አንዲትን ሴት ሴተኛ አዳሪ ናት ብሎ ይጠረጥራል። ሕጉ ሴተኛ አዳሪ ማለት ማን እንደሆነች አይናገርም። ማታ ከወታደር ጋር መቆም ይበቃል። ፖሊሱ ወረቀት ያቀርብላታል፦ "በፈቃዴ ለመመርመር እስማማለሁ" የሚል። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም፤ የመስቀል ምልክት ያደርጋሉ። ፈቃድ የምትለዋ ቃል ወረቀቱ ላይ አለች፣ አያችሁ? አልፈርምም ያለች ዳኛ ፊት ትቀርባለች፣ እምቢታዋ ከጸና ትታሠራለች። የፈረመች በየሁለት ሳምንቱ ለምርመራ ትመጣለች። በሽታ ከተገኘባት በ1869ኙ አዋጅ እስከ 9 ወር ሆስፒታል ትቆለፋለች። ሆስፒታሎቹም "ሎክ ሆስፒታል" ነበር የሚባሉት።

ምርመራው ደግሞ ጥቅም ነበረው ወይ? እንደ ባለሙያ ልንገራችሁ። የጨብጥን ተህዋሲ አልበርት ናይሰር ያገኘው በ1879 ነው። የቂጥኝ የታወቀው በ1905። ስለዚህ በ1866 ሐኪሙ የሚያየው ፈሳሽና ቁስል ብቻ ነው። ብዙ ሴት ከወለደች በኋላ፣ ከወር አበባ በፊት፣ በሌላ ቀላል ሕመምም ፈሳሽ አላት። በዓይን አይለይም። አንዱን ስፔኩለም ከአንዷ አውጥቶ በወጉ ሳያጸዳ ሌላዋ ላይ መጠቀም ደግሞ ራሱ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሕክምናውም ሜርኩሪ ነበር። ሜርኩሪ ጥርስ ያረግፋል፣ ድድ ያቆስላል፣ ምራቅ ያዘንባል። እውነተኛው የቂጥኝ መድኃኒት ሳልቫርሳን በ1910 ነው የመጣው፤ ፔኒሲሊን ደግሞ በ1940ዎቹ። አንድን ሴት ታክማ ብትወጣ እንኳን፣ ያልተመረመረው ወታደር ደጅ ይጠብቃታል። ይሄን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፣ የመንደር ሴት ትረዳዋለች።

በ1871 መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ወንዱስ ለምን አይመረመርም ለሚለው መልስ ሰጠ። ሁለቱ አይወዳደሩም አለ። ሴቷ ለገንዘብ ነው የምታደርገው፣ ወንዱ ግን የተፈጥሮ ስሜቱን አለቦታው ማስተናገዱ ነው አለ። ይሄ የቡና ቤት ወሬ አይደለም፣ የመንግሥት ሰነድ ነው።

የተነሣችባቸው ሴት ጆሴፊን በትለር ትባላለች። የቄስና የመምህር ሚስት፣ የተከበረች ሴት። በ1864 ትንሽ ልጇ ከፎቅ ወድቃ ዓይኗ እያየ ሞተችባት። ሊቨርፑል ከሄዱ በኋላ፣ ከኔ የባሰ ሐዘን ያለበትን ሰው ልፈልግ ብላ ወደ ድኾች ማደሪያ መሄድ ጀመረች። እዚያ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብላ የመርከብ ገመድ ስትፈታ ዋለች። የታመሙትን ልጃገረዶች ቤቷ አስገብታ አስታመመች። ስለዚህ በ1869 አዋጁን እንድትታገል ሲጠሯት የምታውቀው ነገር ነበር። እሷ፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌልና ሌሎችም ሴቶች ተቃውሟቸውን በጋዜጣ አወጡ። በዚያን ጊዜ ጨዋ ሴት የሴት ብልት ምርመራ የሚል ቃል በአደባባይ አትናገርም። በትለር በወንዶች ስብሰባ ቆማ ተናገረች። ተሰደበች፣ ተደበደበች። በ1872 ፖንቲፍራክት ውስጥ ከአንድ ጎተራ ፎቅ ላይ ሴቶችን ሰብስባ ስትናገር ከሥር ገለባ አቀጣጠሉባቸው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በእንግሊዝ አገር በ1865 የሐኪምነት ፈቃድ ያገኘችው ኤልዛቤት ጋሬት አዋጁን ደግፋለች። የታመሙ ሴቶችና ሕፃናት ይታከሙ ከሚል ቅን ሐሳብ ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ደንግጫለሁ፣ ምክንያቱም ሴት ሐኪም ብትኖር ሁሉም ይስተካከል ነበር ብዬ አስብ ነበር። ያቺ የተማሪነቴ አልጋ ዙሪያም እኮ ከሰባታችን አራታችን ሴቶች ነበርን።

በትለር በ1870 ያተመችው የአንዲት የታሠረች ሴት ቃል አለ። በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ "ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወንዶች፣ ወንዶች ብቻ ናቸው። ወንድን ለማስደሰት ብዬ ተሳሳትኩ። ከዚያ ከወንድ ወደ ወንድ ተወረወርኩ። የሚይዘን ፖሊስ ወንድ። የሚመረምረን፣ የሚነካካን ወንድ። ሆስፒታል ውስጥ የሚጸልይልንና መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብልን ወንድ። ዳኛውም ወንድ።" የዚህችን ሴት ስም አናውቅም። ግን ቢያንስ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሰማት፣ የሰማውንም ጻፈ። የሉሲን ቃል የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን እናነብ እንደነበር አስባለሁ።

አዋጁ በ1883 ታገደ፣ በ1886 ተሻረ። 17 ዓመት የፈጀ ትግል ነው።

የሲምስን ሐውልት ነገር ልጨርስላችሁ። ኒውዮርክ ውስጥ ከ1894 ጀምሮ ቆሞ የነበረው ሐውልት በሚያዝያ 2018 ከሴንትራል ፓርክ ተነሣ። ሞንትጎመሪ ውስጥ ደግሞ በ2021 የአናርካ፣ የሉሲና የቤትሲ ሐውልት ቆመ። የሠራችው ሚሼል ብራውደር የተባለች አርቲስት ናት፣ ከተጣለ ብረት ነው ያበጀቻቸው። ረጃጅሞች ናቸው። ቀና ብለህ ነው የምታያቸው።

ወደ አገራችን ልመለስ፣ ምክንያቱም ታሪኩ እዚህም ይደርሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ ቀዶ ሕክምና በየቦታው ሲዳረስ ፌስቱላ ከሰው አፍ ጠፋ። እኛ ጋ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ቀን ሙሉ ትጓዝ ስለነበር አልጠፋም። በ1959 ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ መጡ፣ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለመሥራት። ፌስቱላ አይተው አያውቁም ነበር። ሴቶቹን ሲያዩ መመለስ አልቻሉም። በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ዘዴው ብዙ ተሻሽሏል፣ ሥሩ ግን ያው በአላባማ ጓሮ የተጀመረው ነው። እኛ አገር የዳነች ሴት ሁሉ አናርካ 30 ጊዜ የከፈለችው ዋጋ ይደርሳታል። ይሄን ዕዳ ማንም አስተማሪ አልነገረኝም፣ ብቻዬን ነው ያገኘሁት።

ቅድም ወደዚህ እመለሳለሁ ያልኳችሁ ነገር አለ። ሲምስ ያሠለጠናቸውን ሴቶች ማለቴ ነው።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ብዙዎቻችሁ ሳታውቋቸው አትቀሩም። ከገጠር ነው የመጡት። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ለቀናት አምጠው ልጃቸው ሞተ፣ እሳቸውም ፌስቱላ ያዛቸው። ሃምሊኖች አከሟቸው። ሲያገግሙ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ እዚያው አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው መሣሪያ ማቀበል። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ማገዝ። ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። እያዩ፣ እየነኩ ተማሩ። በመጨረሻ ራሳቸው ቀዶ ሐኪም ሆኑ፣ ከውጭ ለመጡ ሐኪሞችም ሥራውን አስተማሩ። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳልያ ሰጣቸው። ስማቸው ከሜዳልያው ጋር ተመዝግቧል። አናርካም እንዲሁ መሣሪያ ታቀብል ነበር፣ እሷም ታግዝ ነበር።

እኔ አሁን ተማሪዎች ይመደቡልኛል። ወደ አልጋው ከመጠጋታችን በፊት በር ላይ አቆማቸዋለሁ። አንዱ ገብቶ ስሟን ይጠይቃል፣ የሱን ስም ይነግራታል፣ ስንት ሆነን እንደምንገባ ይነግራታል። አንዳንዴ "ሁለት ብቻ ይግቡ" ትላለች። አንዳንዴ "ማንም አይግባ" ትላለች። ያን ጊዜ ኮሪደር ላይ ቆመን በወረቀት ሥዕል እንማራለን።